ቆጥ ላይ የሰቀልኩት እልልታ

ባለፈው ክረምት እንጅባራ ውስጥ ዝናብ ሲያባርረኝ አንዲት ወጣት አዲስ የከፈተችው ካፌ ገባሁ። ገና ወንበር ሳልስብ የሻገተ ካርቶን ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። ዞር ስል፣ ቴሌቪዥኑ ሥር የድሮ የዘፈን ሸክላ ተከምሯል። አንዱ ባንዱ ላይ እንደ ኩበት ተነባብሮ፣ ከላዩ የስኳር ካርቶን ተጭኖበት።

«ልጄ፣ ይሄን ማነው ያጋደመው?» አልኳት።

«ለጌጥ ነው እትዬ። ማጫወቻ እንኳ የለንም።»

«ቢሆንስ? ይጎብጣል እኮ! ይቁም እንጂ!»

ምስኪን፣ ማኪያቶ የሚያዝ ሰው ስትጠብቅ ቤቷን የሚያዝ ሰው መጣባት። መልሷን ሳልጠብቅ ተንበርክኬ አንድ በአንድ አቆምኩላት። ከእርጥቡ ግድግዳ ራቅ፣ ከመስኮቱ ዘወር፣ ጀርባቸው ቀጥ። እጄ ሥራውን አልረሳውም። ሁለቱ ግን አስቀድመው ጎብጠዋል። አንዱን አንስቼ በዓይኔ ልክ አግድም ሳየው ጠርዙ እንደ ባርኔጣ ክፈፍ ወደ ላይ ተቀልብሷል። ይህን ጠርዝ አውቀዋለሁ። በልጅነቴ አንድ ክረምት እኔው በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከዳንግላ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቅ ገጠር ስለሆነ፣ ለትምህርት የተቀመጥኩት የአባቴ አክስት እትዬ ሙሉአዳም ዘንድ ነው። እትዬ ሙሉአዳም ጋሪዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበራቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸውን የተነቀሱ፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ፣ ሲቆጡ ግን ምንም የማይሸፍኑ ሴት ነበሩ።

ከሻይ ቤቱ ጀርባ ባለችው ማደሪያችን ግድግዳው ሥር አንድ የቀርከሃ መደርደሪያ ነበር። እንጅባራ ድረስ ሄደው፣ ቀርከሃ ሠሪው ዘንድ ቆመው ያሠሩት ነው። ቀርከሃው በቀጭን በቀጭኑ ተሰንጥቆ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቆሟል። በየጥርሱ መሐል ሃያ ሦስት ሸክላ፣ እያንዳንዱ በወረቀት ሽፋኑ ውስጥ።

የእኔ ሥራ እነሱን መጠበቅ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ገበያተኛው ሳይገባ እጄን ታጥቤ፣ አድርቄ፣ እያንዳንዱን በጠርዙ ብቻ ይዤ እያወጣሁ በለስላሳ ጨርቅ እጠርጋለሁ። እትዬ ሙሉአዳም ከወዲያ ብርጭቆ እያጠቡ ይቆጣጠሩኛል።

«አቆምሽው?»

«አቆምኩት።»

«ዘንበል አላለም?»

«ቀጥ ብሏል።»

«ጎረቤቱስ?»

«ደግፎታል።»

«ይደግፈው እንጂ እንዳይጫነው። ፀሐይ ያየዋል?»

«አያየውም።»

«እሳትስ?»

«እሳት ወዲያ ነው።»

ይህን ጥያቄና መልስ እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ አውቀው ነበር። ችግሩ፣ በቃል ማወቅና መረዳት ለየቅል መሆናቸው ነው።

እኔ የገባኝ እንዲህ ነው። ዘፋኞቹ ሸክላው ውስጥ አሉ፤ ማኅሌት እንደሚቆሙ ቀሳውስት ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ። አሳዘኑኝ። አንድ ቀን «አይደክማቸውም?» ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ ሙሉአዳም ምን እንደማወራ እንኳ አልገባቸውም። «ሸክላ ከተጋደመ ይጎብጣል፤ ከጎበጠ አይዘፍንም፤ በቃ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ስንት ቀን መደቡ ላይ ጀርባዬን ግድግዳ አስደግፌ ቁጭ ብዬ ለመተኛት ሞከርኩ፤ እንዳልጎብጥ። ጠዋት ሁልጊዜ ተጋድሜ እገኛለሁ። ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ጀርባዬን በእጄ እየዳሰስኩ ነበር።

ከሃያ ሦስቱ አንዱ የተለየ ነው። ከሁሉም ትንሹ፣ መሐሉ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ያለው። እሱን እትዬ ሙሉአዳም «የኔ» ይሉታል። ሌሎቹም የእሳቸው ናቸው፤ ይሄኛው ግን «የኔ» ነው።

ታሪኩን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ኮረዳ ሳሉ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ተቀምጠው ነበር። ጎረቤት ሙዚቀኞች ይለማመዳሉ። ሸክላው የሚቀረጽ ዕለት ከአራቱ ተቀባይ ሴቶች አንዷ ታመመች። «ያቺ አጥር ላይ ተንጠልጥላ የምታየን ልጅ ትምጣ!» ተባለ። መጡ፤ ተቀበሉ፤ አጨበጨቡ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ደስታው አላስችል ብሏቸው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ እልልታቸውን ለቀቁት። የተቆጣ አልነበረም። እልልታው እዚያው ቀረ። ሸክላው ሲወጣ አንዱን ሰጧቸው፤ አቀማመጡንም ያስተማራቸው ያንኑ ዕለት ሸክላ የሚሸጠው ሰውዬ ነው።

ዳንግላ ውስጥ ይህን የሚያምን ሰው አልነበረም። ማጫወቻቸው ድሮ ተበላሽቷልና ዘፈኑን የሰማ የለም። ከማያምኑት ሁሉ የባሰው ጋሽ ዳኛቸው ነው፤ የስፌት መኪናውን በረንዳችን ላይ አድርጎ የሚውል ልብስ ሰፊ። ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ አንድም ቀን ሳይነካካቸው አይውልም።

«ሙሉዬ፣ ዛሬስ ዘፈንሽ ደረሰ?»

«ያንተ ሱሪ ሲደርስ ይደርሳል! ለፋሲካ የተቀበልከውን ለመስቀል የምታስረክብ!»

ጋሪ ነጂዎቹ ይስቃሉ። እሱ ይቀጥላል።

«ሸክላው ላይ እኮ የተጻፈው የዘፋኙ ስም ነው። ያንቺ የታለ?»

«የተቀባይ ስም አይጻፍም።»

«እንዲያ ከሆነማ እኔም መለከት ነፊው ነበርኩ!» ብሎ ጉንጩን ይነፋል።

ሁሉም ይስቃል። እትዬ ሙሉአዳምም አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ይስቃሉ። ሌሎቹ ስቀው ሲያበቁ ግን እሳቸው ነጠላውን ቶሎ አያነሱትም። እኔ በቁመቴ ማነስ ከሥር ሆኜ ስለማያቸው ከነጠላው ሥር እንደማይስቁ አውቃለሁ።

የዚያን ዓመት ሰኔ ላይ አንድ የእንጅባራ ሬዲዮ ጠጋኝ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ማጫወቻውን አየና «ይሄማ ይነሳል» አለ። ወስዶ፣ ፍልሰታ በተፈታ ቅዳሜ ሊያመጣው ቃል ገባ። እትዬ ሙሉአዳም በረንዳው ላይ ወጥተው ጋሽ ዳኛቸው ፊት ቆሙ።

«ስማኝ ዳኛቸው። የዚያን ቅዳሜ ገብተህ እዚህ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለህ። ዘፈኑ መጨረሻ ላይ እልልታ አለ። ሰምተህ ካላመንክ፣ እኔ ሁለተኛ ይህን ነገር አላነሳም።»

«አንቺ ዝም ካልሽ እኛ በምን እንውላለን?» አለ። ፊታቸውን ሲያይ ግን ፔዳሉን መርገጥ አቆመ። «እሺ። ካመንኩ ቆሜ እመሰክራለሁ።»

ነሐሴ ሲገባ እትዬ ሙሉአዳም ሻይ ቤቱን ዘግተው፣ ቆሎና በሶ ቋጥረው፣ ከከተማው ወጣ ያለ ደብር ሱባኤ ገቡ። እኔን አባቴ ወደ አገር ቤት ወሰደኝ። ከመለያየታችን በፊት ሁለተኛውን ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አሰሩልኝ።

«ቅዳሜ ለገበያ ስትመጡ ቤቱን እይልኝ። የኔን በተለይ። አደራ።»

አደራ ሲሉኝ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በሩን ስከፍት ውስጡ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሸታል። ቆርቆሮው ተቀዷል። ውሃ በግድግዳው ወርዶ የመደርደሪያውን እግር አርሶታል። መደርደሪያውን እየጎተትኩ ወደ ደረቁ ግድግዳ ወሰድኩት፤ ሸክላዎቹን አወጣሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ አቆምኩ። ሃያ ሁለቱ ደህና ናቸው። ዳር ላይ የነበረው ትንሹ ግን ሽፋኑ በስብሶ ሥሩ ላይ ነጭ ነገር አብቅሏል፤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻጋታ።

ደነገጥኩ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ የሻገተ ዘር እንደማይበቅል አውቃለሁ። ሻጋታው ወረቀቱን ጨርሶ ወደ ውስጥ ከገባ እልልታውን ይበላዋል። ሽፋኑን ጣልኩና ሸክላውን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ደረቴ ላይ አቅፌ አገር ቤት ወሰድኩት። አባቴ «ምንድን ነው?» ሲለኝ «የእትዬ አደራ» አልኩ። ሌላ አልጠየቀም።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በእኛ ቤት ከሁሉ የተወደደ ነገር የሚቀመጠው የት ነው? ቆጥ ላይ! ከምድጃው በላይ በቀርከሃ የተረበረበ ቆጥ አለ። ለዘር የተመረጠው በቆሎ ከነገለባው እዚያ ይንጠለጠላል። የባቄላው ዘር በቅል፣ ነጭ ሽንኩርቱ በጉንጉን፣ የመሬታችን ደብተር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ጭስ የነካውን ነቀዝም ሻጋታም አይደፍረውም። አባቴ «ዘር የሚድነው በጭስ ነው» ሲል እየሰማሁ ነው ያደግሁት።

እናቴ ውሃ ስትወርድ መሰላሉን ወጣሁ። ቆጡ ላይ ሸክላ የሚቆምበት ቦታ የለም። አጋደምኩት። «አቆምሽው?» የሚለውን ድምፅ ሰምቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን ለሁለት ሳምንት ነው፤ ስንት ዘመን ቆሞ የኖረ እልልታ ትንሽ ቢያርፍ ምን አለበት? እሳቱም ቢሆን ታች ነው፤ እዚህ የሚደርሰው ጭስ ነው። እንዳይወድቅ ብዬ ደግሞ የባቄላውን ቅል ከላዩ ጫንኩበት።

የዚያ ነሐሴ ዝናብ የሰማይ በር የተነቀለ ያስመስል ነበር። ከቤት መውጣት የለ። እሳቱ ከጠዋት እስከ ማታ ይነዳል፤ የአባቴ የዝናብ ገሳ ይደርቅበታል፣ ድንች ይጠበስበታል። እኔ ድንቼን እየላጥኩ ወደ ቆጡ ቀና እላለሁ። ጭሱ እየተጠቀለለ ወጥቶ ሲያቅፈው እኮራለሁ። እትዬ ሙሉአዳም በጸሎታቸው ላይ ናቸው፤ እኔ በጥበቃዬ ላይ ነኝ።

የፍልሰታ ፍቺ ዕለት አወረድኩት። ሻጋታ የለበትም። ጠርዙ ግን አንዱ ጎን ወደ ላይ፣ አንዱ ጎን ወደ ታች ሄዷል። መሬት ላይ ሳስቀምጠው ተንገዳገደ። በእጄ ስጫነው አቤት ይላል፤ እጄን ሳነሳ ተመልሶ ይጎብጣል። ጎተራው ጥግ ለገበያ የተዘጋጀ የድንች ጆንያ ነበር። ሥሩ ከተትኩትና ከላዩ ተቀመጥኩበት። ሁለት ቀን ሙሉ ያገኘሁትን ሰበብ ሁሉ ፈጥሬ ያን ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ የታመምኩ መስሏት ጤናዳም አሸተተችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ድንቹን ለገበያ ሊጭን ጆንያውን አነሳ። ሸክላው እዚያው ነው፤ እንደጎበጠ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ በአዊኛ።

ነገርኩት። ሁሉንም። ስጨርስ ለቁጣ የተከፈተ አፉን አየሁት።

«ቆጥ ላይ? የአክስቴን ድምፅ እሳት ላይ ሰቀልሽ?»

«ሻግቶ ነበር። ዘር የሚድነው በጭስ ነው ብለህ…»

አፉን ዘጋው። የራሱ ቃል ነው። ሸክላውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ በጣቱ ጥላሸቱን ጠረገለት።

«ተነሽ። አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ።»

መንገዱን ሁሉ ፈረሱ ላይ ከአባቴ ጀርባ ተለጥፌ «ጠጋኙ አይምጣ፣ ጠጋኙ አይምጣ» እያልኩ ለመንኩ። ስንደርስ ጠጋኙ መጥቷል። ማጫወቻው አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ሻይ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ጋሪ ነጂው፣ ቅቤ ነጋዴው፣ በር ላይ ደግሞ ቦታ ያጣው ሁሉ። ጋሽ ዳኛቸው በታዘዘው አግዳሚ ላይ፣ መሐል ላይ ተቀምጧል። እትዬ ሙሉአዳም ከሱባኤ ከስተው፣ ግን ፊታቸው በርቶ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ቆመዋል።

«መጣችልኝ ጠባቂዬ!» አሉ። «የኔ አንቺ ዘንድ እንዳለ አውቄያለሁ፤ አምጪው።»

ብቻቸውን እንዳገኛቸው አስቤ ነበር። ለብቻ የሚባል ቦታ አልነበረም። ነጠላውን ከነጥቅሉ ሰጠኋቸው። ፈቱት። ሸክላውን በጠርዙ ይዘው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። አሸተቱት።

«ምነው ሙሉዬ?» አለ ጋሽ ዳኛቸው። «ድምፅሽ አርጅቶ ጎበጠ እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። አፌን ከፈትኩ። «እኔ ነኝ» ልል ነው፤ እንባዬ ቀደመኝ። አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። እትዬ ሙሉአዳም እኔን አዩኝ፤ አባቴን አዩት፤ እንደገና እኔን አዩኝ።

«እኔው ነኝ» አሉ። «ምድጃ ዳር ረስቼው ሱባኤ ገባሁ። እርጅና ነው።»

አሥራ አምስት ቀን ጾመው፣ ቆርበው፣ ገና ሳምንት ሳይሞላ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ዋሹ! ያውም ማስረጃቸው እጃቸው ላይ ጠፍቶ፣ እኔን አሳልፈው ቢሰጡ ነፃ የሚወጡበትን ነገር።

ጠጋኙ «መርፌዬን ይሰብረዋል፤ አይሆንም» አለ።

«ሞክረው ልጄ።»

አስቀመጠው። ሸክላው ሲዞር እንደ ታንኳ ይነሳል ይወድቃል። መርፌው «ጭርርር» አለ፤ አንድ ቃል ያዘ፤ ዘለለ፤ እንደገና ዘለለ፤ ወጣ። ሰው ሳቀ። እንደገና ሞከረ፤ እንደዚያው። ጋሽ ዳኛቸው ሊነሳ ጉልበቱን ያዘ። የእትዬ ሙሉአዳም እጅ ወደ ነጠላቸው ሄደ።

ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ሸክላውን ሲዞር አየው። «የጎበጠው ዳሩ ነው» አለ። «መሐሉ ደህና ነው።» መርፌውን አንስቶ ወደ ውስጥ፣ ቀዳዳው አካባቢ አስጠግቶ ለቀቀው።

ጭብጨባ መጣ። ከጭብጨባው ጋር የሴቶች ድምፅ፤ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እየተወላገደ። ከዚያ ዘፋኙ ዝም አለ። አንዲት ልጅ፣ አጥር ላይ ተንጠልጥላ የነበረች ልጅ፣ እልልታዋን ለቀቀችው። ረጅም ነበር። መሐሉ ላይ ሰበር አለ፤ ሳቅ ያመለጣት ይመስል፤ ከዚያ እንደገና ተያያዘና ሸክላው አለቀ።

ውጭ አንድ ፈረስ አሽካካ።

«የማንም እልልታ ሊሆን ይችላል» አለ ቅቤ ነጋዴው።

ጋሽ ዳኛቸው ተነሳ። ጠመኔውን ከጆሮው አወረደ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ባርኔጣ ስላልነበረው ይመስለኛል።

«አይደለም» አለ። «ልጄ የተወለደ ዕለት ይሄ እልልታ ሰባት ጊዜ ደጄ ላይ ተብሏል። መሐሉ ላይ እንዲህ ሰበር የሚል ሌላ እልልታ በዳንግላ የለም። እሷ ናት። እኔ ዳኛቸው ቆሜ መስክሬያለሁ።» ከዚያ ወደ ጠጋኙ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ «መልሰው እስቲ» አለ።

ገበያው እስኪፈታ ስንት ጊዜ እንደተመለሰ አልቆጠርኩም። እትዬ ሙሉአዳም ሻይ ይቀዱ ነበር፤ ፊታቸው እንደተገለጠ።

እዚያው ሰንብቼ፣ ሰኞ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ማደሪያችን ውስጥ ጠበቅኳቸው። ሌሊቱን ያጠናሁትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው፤ ሻጋታውን፣ ቆጡን፣ ቅሉን፣ ጆንያውን። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ቅል ደግሞ ጫንሽበት?» አሉ። ሌላ አልተቆጡም። ዳሩ ስለጎበጠ ያልሰማነውን የዘፈኑን መጀመሪያ ለቅሶዬ እስኪቆም ከፍ ዝቅ ሳያደርጉ በጉሮሯቸው አዜሙልኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አደገደጉ።

«አሁን ነይ። የንስሐ አባቴ ለውሸቴ አርባ አንድ ስግደት ሰጥተውኛል። ሃያው ያንቺ ነው፤ በአንቺ የተነሳ ነውና።»

ጎን ለጎን ቆመን ሰገድን። ጉልበታቸው ሲንቋቋ ይሰማኛል፤ አሥራ አምስት ላይ እኔ ሳቄ መጣ፣ አሥራ ስድስት ላይ እሳቸው። ሃያ ላይ ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነን ቆምን።

«እትዬ፣ አንዱ ቀረ።»

በተከፈተው በር ወደ በረንዳው አዩ። ጋሽ ዳኛቸው መኪናው ላይ ተቀምጦ ለአንድ ገበሬ ስለ እልልታው ያወራል፤ እሱ ሲያወራው፣ ያን ዕለት አብሯቸው ያጨበጨበ ይመስላል።

«እሱ የዳኛቸው ነው። በእሱ ነገር ነው እዚህ የደረስነው።»

ወዲያው ጠመኔው ከጆሮው ወደቀ። ጋሽ ዳኛቸው ከወንበሩ ተነስቶ፣ ግንባሩ መሬት ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብሎ መፈለግ ጀመረ።

«አርባ አንድ» አሉ እትዬ ሙሉአዳም።